እጁ ነው ወይስ ማሽኑ?

ሱቄን ከዘጋሁ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "ፋጡማ፣ ቤት መዋል እንዴት ይዞሻል?" ይለኛል። ሰልችቶኛል እላለሁ፤ ምን ልደብቅ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቴሌቪዥን በጀርባው ስፈታ ኖሬ፣ አሁን የራሴን ከፊት ለፊቱ ተቀምጬ ማየት አልሆነልኝም። ልጆቼ "እማ፣ በቃሽ፣ ዕረፊ" ይላሉ። እነሱ ዕረፍት ያውቃሉ፤ እኔን ማንም አላስተማረኝም።

ሌላው ጥያቄ ደግሞ "ሴት ሆነሽ እንዴት እዚህ ሙያ ውስጥ ገባሽ?" የሚለው ነው። እሱን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ወንዱን ጥገና ሠራተኛ "ወንድ ሆነህ እንዴት?" ሲሉት ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ እሱን ትቼ ስለ ሥራው ልናገር። ከሥራው ሁሉ ደግሞ ከሆዴ ያልወጣው የመጨረሻው ነው፤ ኮምቦልቻ አንድ ጌም ቤት ውስጥ የገጠመኝ። ጌም ሲባል የልጅ ጨዋታ ይመስላል። የአንድ ሰው እንጀራ ግን ተንጠልጥሎበት ነበር።

እዚያ ከመድረሴ በፊት ሙያውን ያስተማሩኝን ሰው ላስተዋውቅ። አያ ደምሴ ይባላሉ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ፣ በሯ ላይ የተሰበረ ራዲዮ የተደረደረባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ትምህርት እንደጨረስኩ አባቴ ይዞኝ ሄደና "ይቺ ልጅ ሽቦ ስትበጣጥስ ቤቴን ልታቃጥልብኝ ነው፤ ወይ አስተምሩልኝ ወይ አስፈራሩልኝ" አላቸው። አያ ደምሴ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ "ግራ እጅሽን ኪስሽ ክተቺ" አሉኝ። ቀሚሴ ኪስ አልነበረውም። "እንግዲያው ኪስ አሰፊና ነገ ነይ" ብለው ሸኙን።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን ከሶኬት ተነቅሎም ሆዱ ውስጥ ኃይል ያስቀራል። ሁለት እጁን የከተተ ሰው፣ ኃይሉ በአንዱ እጁ ገብቶ በልቡ አልፎ በሌላው ይወጣል። እሳቸው ቴሌቪዥን ሲከፍቱ በቀኝ እጃቸው ብቻ ነው የሚሠሩት፤ ግራው ኪስ ውስጥ ነው። ልማድ ሆኖባቸው መንገድ ሲሄዱም ግራ እጃቸውን አያወጡትም ነበር። የሰፈሩ ሰው ገንዘብ የሚጠብቁ ይመስለው ነበር።

ሁለተኛው ልማዳቸው መስታወቱ ነው። እሳቸው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሆነው ሲነካኩ ምስሉን እንዲያዩ ከፊቱ መስታወት ያቆማሉ። ይሄን ሁሉም ጠጋኝ ያደርገዋል። አያ ደምሴ ግን መስታወቱን ትንሽ ያዘነብሉታል፤ ግማሹ ስክሪኑን፣ ግማሹ ባለቤቱን እንዲያሳያቸው። "ሰውየውን ማየት ምን ይጠቅምዎታል?" አልኳቸው አንድ ቀን። "ዕቃው የታመመበትን አይነግረኝም፤ ሰውየው ግን ሳያውቀው ይነግረኛል" አሉኝ። ደንበኛ መጥቶ "ይዘላል፣ ይጠፋል" ሲላቸው ዝም ብለው አይቀበሉትም። "ራስህ አብራውና አሳየኝ" ይሉታል። ሲያበራውም የሚያዩት እጁን ነው። ስንቱ ጤነኛ ቴሌቪዥን በባለቤቱ ጥፊ እንደተበላሸ ያወቅነው በዚህ ዘዴ ነው።

ጌም የሚባለው ነገር መጀመሪያ የመጣብንም በእሳቸው ጊዜ ነው። አንዲት ከዓረብ አገር የተመለሰች የገራዶ ልጅ ለወንድሞቿ የካሴት ጌም ይዛ መጣች። ከቴሌቪዥን ጋር ስናያይዘው ምስሉ ከላይ ወደ ታች ይሽከረከራል። የእኛ አገር ቴሌቪዥን በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ስክሪኑን ይጠርጋል፤ ያ ማሽን ግን ለሌላ አገር ተሠርቶ ኖሮ በሰከንድ ስልሳ ይልካል። አይጣጣሙም። አያ ደምሴ ከጀርባ አንዲት መዘውር ቀስ እያሉ አዙረው ምስሉን አቆሙት። ቆመ፤ ግን ቀለሙ ጠፋ፤ ጥቁርና ነጭ ሆነ።

እኛ ሱቅ ውስጥ ያንኑ ጨዋታ የሚያጫውት፣ ለእኛ ቴሌቪዥን የተሠራ ሌላ ማሽን ነበረ፤ ቀለሙ እንደ አበባ። አያ ደምሴ ወንድማማቾቹን በሁለቱም አጫወቷቸውና "ከፈለጋችሁ ልለውጥላችሁ" አሏቸው። እኔ ባለ ቀለሙን እንደሚመርጡ አልተጠራጠርኩም። ጥቁርና ነጩን አቅፈው ሄዱ። "ያኛው ያምራል፤ ይሄኛው ግን ቶሎ ይሰማል" አሉን። አያ ደምሴ ያን ቀን ሙሉ ሲስቁ ዋሉ። የሚጫወቱት በጣት ነው እንጂ በዓይን አይደለም፣ እኛ ሻጮች ነን ስለ ቀለም የምንጨነቀው፣ እያሉ።

አያ ደምሴ ሲደክሙ እኔ ደመወዝ ፍለጋ ወጣሁ። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ በድምፅ መሣሪያ ጥገና ተቀጠርኩ። አለቃዬ ዕቃ ከማስጠገን ማመልከቻ ማስጻፍ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም፤ ማኅተም ይወዱ ነበር፤ ደመወዙ ግን እንደ ማኅተሙ አልበዛም። ከዚያ ኮምቦልቻ ወርጄ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሠራሁ። ሙቀት ዕቃን ምን እንደሚያደርገው የተማርኩት እዚያ ነው። በመጨረሻ ተመልሼ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ዴክ መጣና ሄደ። ዲሽ መጣ። ቴሌቪዥኑም ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ጥገና ማለት ቦርድ አውጥቶ ቦርድ መክተት ሆነ። ወላሂ፣ ያ ጊዜ ሙያዬን አስጠልቶኝ ነበር።

ያዳነኝ ጌም ነው። ጌም ማሽን አሁንም የሚፈታ፣ የሚጸዳ፣ የሚያናድድ ዕቃ ነው። አቧራ ይበላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ጆይስቲኩ ሳይነካ ይሄዳል። ቀስ በቀስ የደሴና የኮምቦልቻ ጌም ቤቶች ደንበኞቼ ሆኑ። ጎረምሶቹ መጀመሪያ ሻሽ ያሰረች አሮጊት ካቻቢቴ ይዛ ስትገባ አፋቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ማሽናቸው ሲነሳላቸው "እትየ" ማለት ጀመሩ።

እነዚህ ልጆች ብዙ አስተምረውኛል። በብዛት የሚያመጡልኝ ስሞታ "ይጎተታል" የሚል ነው። አንዱ የኮምቦልቻ ጌም ቤት ባለቤት ሌባ ፈርቶ ማሽኖቹን በእንጨት ሳጥን ቆልፎባቸው ነበር። ማሽን ሲግል እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያዘገያል። በሰከንድ ስልሳ ምስል ይስል የነበረው ወደ አርባ፣ ከዚያም በታች ይወርዳል። ልጆቹ "ኳሱ አይታዘዘንም" ሲሉ ሰውየው ተሸንፈው የሚያማርሩ መሰለው። ሳጥኑን ስበሳለት ስሞታው ጠፋ።

ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው የማስረዳው። ማሽኑ ጣትን ሁልጊዜ አያዳምጥም። አንድ ምስል ሊስል ሲል "ምን ተጫነ?" ብሎ ያያል፤ ከዚያ ይስላል፤ ከዚያ ደግሞ ያያል። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ቶሎ ቶሎ ከተነሳ መናኸሪያ የደረሰ ሰው ብዙ አይቆምም። የሚኒባሱ ቁጥር በግማሽ ከቀነሰ ግን፣ መንገዱ ያው፣ ሾፌሩ ያው፣ ሰው ቆሞ ይቀራል። የጣት ትእዛዝም እንደዚያው ነው። ስልሳ ምስል ሲሆን ቶሎ ተሳፍሮ ይሄዳል፤ ሠላሳ ሲሆን ይጠብቃል። ልዩነቱ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው። ሲጫወት ያደገ ሰው አውራ ጣት ግን ያውቀዋል።

እንግዲህ ወደ ሰይድ ልምጣ። ሰይድ ኮምቦልቻ መናኸሪያው አካባቢ ጌም ቤት ያለው ወጣት ነው፤ ጨዋ፣ ሰው አክባሪ፣ ትንሽ ፈሪ። አምና፣ እኔ ሱቄን ልዘጋ ዕቃ ስሰበስብ፣ ደወለልኝ።

"እትየ ፋጡማ፣ ቢመቸዎት ወረድ ይበሉልኝ።"

"ምን ተበላሸ?"

"እሱን ነው ያላወቅሁት። ማሽኑ ይሁን ሰው።"

የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ላብ አጠመቀኝ። ሰይድ ግድግዳ የሚያህል አዲስ ቴሌቪዥን ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ አቁሟል። ከፊቱ ለስላሳ ሶፋ አለ። ጥግ ላይ ደግሞ ጀማሪ የሚጫወትባት አሮጌ ትንሽ ቴሌቪዥን ከእንጨት አግዳሚ ጋር ተጥላለች። ሶፋው ላይ ይማም የሚባል ልጅ ተቀምጧል። ልጅ ስል ሚስት ሊያገባ የደረሰ ጎልማሳ ነው፤ መጋዘን ውስጥ በፎርክሊፍት ዕቃ የሚያነሳ። የእናቱን ቤት ጣሪያ ሲጠግን ቆርቆሮ ቀኝ አውራ ጣቱን ከነጅማቱ ቆርጦት፣ ሐኪም ሰፍቶለት፣ ብዙ ወር በፋሻ ከርሞ መፈታቱ ነው።

ከቁስሉ በፊት በዚያ ቤት ይማምን የሚያሸንፍ አልነበረም። የቤቱ ሕግ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል ነው፤ ይማም ከሶፋው ተነስቶ አያውቅም ነበር ይላሉ። አሁን ግን ሁሉም ያሸንፈዋል። ኳሱን ሊመታ ቁልፉን ይጫናል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋቹ ግን እግሩን የሚያነሳው ኳሱ ከተነጠቀ በኋላ ነው።

"እስቲ ይዩልኝ እትየ" አለኝ ይማም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ማሽኑ ከሆነ ማሽኑ ነው ይበሉኝ። እጄም ከሆነ ቁርጡን ይንገሩኝ።"

አየሁለት። ማሽኑን ፈትቼ ነፋሁ፤ ሙቀቱን ለካሁ፤ የጆይስቲኩን ላስቲክ ቀየርኩ፤ ሌላም ጆይስቲክ አመጣሁ። ከዚያ ቆሜ ስክሪኑን አየሁ። ምስሉ እንደ ዘይት ይፈሳል። አንድም ቦታ አይቆረጥም፣ አይጎተትም። እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም።

"ማሽኑ ጤነኛ ነው" አልኩ አፌን ሞልቼ።

ይማም ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። "እንግዲህ እጄ ነው። አላህ ይስጥልኝ እትየ፤ ማወቁ ይሻላል" ብሎኝ ወጣ። ቁጣ የለ፣ ነገር የለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰይድ ወደ መናኸሪያው ሲሸኘኝ የቀረውን ነገረኝ። ሐኪሙ ድኗል፣ ሥራ ይግባ ብሎ ጽፎለታል። የመጋዘኑ አለቃም ቦታውን ይዞለት ቆይቷል፤ ከዚህ ሳምንት ካለፈ ግን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሎታል። እምቢ ያለው ይማም ራሱ ነው።

"ሐኪሙ ጣቴን ያየው ስትታጠፍ ስትዘረጋ ነው፤ እኔ ግን በጌም ነው የማውቃት ይላል" አለኝ ሰይድ። "ዘግይቶ የሚሰማ እጅ ይዤ ፎርክሊፍት ላይ አልወጣም፤ ከሥር ሰው አለ፣ ነፍስ አጠፋለሁ ይላል። እናቱም የሚበሉት ከሱ ነው እትየ።"

"ጓደኞቹስ ምን ይሉታል?"

"ምን እንበለው? አዘንለት። አሁን አሁንማ ለቀቅ እያደረግን አንዳንድ ጊዜ እንዲያሸንፍ እንተወዋለን። ብናሸንፈውም አናስከፍለውም። ከቆሰለ ወዲህ ቀና ብሎ ክፉ የተናገረው ሰው የለም። እሱ ደግሞ ያውቅብናል። ያ ይብስበታል መሰለኝ።"

ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ አንድ ነገር እየነዘነዘኝ መጣ። የማሽኑን ሴቲንግ ስከፍት አይቼዋለሁ። ጌሙ "የሚያምር ምስል" የሚለው ላይ ተደርጎ ነበር። አዳዲሶቹ ማሽኖች ሁለት ምርጫ አላቸው፤ ወይ ምስሉን አሳምሮ ሠላሳ መሳል፣ ወይ ውበቱን ቀነስ አድርጎ ስልሳ መሳል። እዚያ ያለው ሠላሳው ነው። ሠላሳ መሆኑን ሳይ ብዙም አልገረመኝም፤ ስንት ቤት በሠላሳ ይጫወታል። ሚኒባስ ውስጥ የነዘነዘኝ ሌላ ነው። ሠላሳ ምስል እንደ ዘይት አይፈስም። ዕድሜዬን ሙሉ ምስል ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሠላሳ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጥ አለበት። እኔ ያየሁት ስልሳ የሚመስል ነገር ነው። ታዲያ የቀረውን ግማሽ ምስል ማን ሳለው?

ደሴ ስደርስ ቀጥታ ቤቴ ገባሁ። አያ ደምሴ ቢኖሩ ምን ይሉኝ እንደነበር አውቀዋለሁ። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ ስክሪን ሳደንቅ ዋልኩ፤ የልጁን እጅ አላየሁም። በነጋታው ማንም ሳይጠራኝ ካቻቢቴዬን ይዤ ወረድኩ።

ይማም አልነበረም። ሰይድና ብሩክ ብቻ ነበሩ። ብሩክ የይማም የልብ ጓደኛ ነው፤ ድምፁ ከመናኸሪያው ረዳቶች የሚበልጥ ልጅ። "ተጫወቱ" ብያቸው እኔ ከትልቁ ቴሌቪዥን ጀርባ ገባሁ።

"እትየ፣ ከዚያ ሆነው ምን ይታይዎታል?" አለ ብሩክ።

"ያንተ ፊት። ዝም ብለህ ተጫወት።"

ስክሪኑን ሳላይ በጠርዙ በኩል ጣታቸውን አየሁ። ጆሮዬንም ሰጠሁ። መጀመሪያ ቡድን ሲመርጡ ቁልፍ በተነካ ቁጥር ጌሙ "ጢክ" ይላል። የብሩክ ጣት "ቀጭ" ትላለች፤ ከዚያ ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ "ጢክ"። ቀጭ፣ ዝም፣ ጢክ። ቴሌቪዥኑ ድምፁንም ከምስሉ ጋር ይዞ እያቆየው ነው። ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ ሰይድ "ደረሰ፣ ደረሰ" እያለ ኳሷን ይከተላል፤ የብሩክ ጣት ግን ገና "ደረሰ" ሳይባል ተጭናለች። አስቀድሞ ነው የሚጫነው። ራሱ አያውቀውም። ይህ ቴሌቪዥን የተገዛው ይማም እንደቆሰለ ነው፤ እሱ በፋሻ ሲከርም እነሱ ወራት ተጫውተውበታል፤ ጣታቸው ሳይነገራት መቅደም ለምዳለች። የይማም ጣት ግን ልክ በጊዜዋ ነበር የምትመታው፤ የድሮዋን ጊዜ ይዛ።

ገመዱን ነቅዬ ያንኑ ማሽን ጥግ ካለችው ከትንሿ ቴሌቪዥን ጋር አያያዝኩት። ቀጭ፣ ጢክ። ዝምታው አጠረ። ምስሉ ግን የሚጠበቅበትን ያህል ተንቀጠቀጠ። ሴቲንግ ገብቼ ሠላሳውን ወደ ስልሳ ስቀይረው ቀጭና ጢክ ሊገጥሙ ምንም አልቀራቸው። ተመልሼ የትልቁን ሪሞት አነሳሁና የቴሌቪዥኑን የውስጥ ሴቲንግ በረበርኩት። እዚያ ውስጥ ምስል የሚያለሰልስ ነገር በርቶ አገኘሁ። ይሄ ነገር ከማሽኑ የመጣለትን ምስል ወዲያው አያሳይም። ቀጣዩ እስኪመጣ ይዞት ይጠብቃል፤ ከዚያ በሁለቱ መካከል ራሱ የፈጠረውን ምስል ያስገባል። ለፊልም ደግ ነው፤ የሚያይ ሰው አይቸኩልም። ለጌም ግን ጣትን በር ላይ ማስቆም ነው። ሠላሳው አንድ ጊዜ አዘገየ፤ ማለስለሻው በላዩ ጨመረበትና የሠራውንም ጥፋት ሸፈነ። ዓይኔን ያታለለኝ እሱ ነው።

"ማነው የሚያምረውን ምስል የመረጠው?" አልኩ።

ሰይድ ወደ ሶፋው ዞር አለ። ከዚያ "እኔ ነኝ" አለ። "ይማም ከፋሻ የወጣ ዕለት ነው። ስንት ወር ቆይቶ ሲመጣልን፣ ከሁሉ የተሻለው ይሁንለት ብዬ አሳመርኩት። እሱ ሲመጣ ከዚህ ሶፋ ሌላ ቦታ አላስቀመጥነውም። እዚያ ጥግ አግዳሚ ላይ እንዴት አስቀምጠዋለሁ? ነውር አይደል?" ዓይኑ እንባ አቀረረ። "በክብር ገደልኩት በሉኛ።"

"አብሽር" አልኩት። "ነውሩን ያወቅህ ጨዋ ስለሆንክ ነው። ለእንግዳ ደግ ደጉን ነው የምናቀርበው፤ ቴሌቪዥን ይሄን አያውቅም።" እዚያ ቤት ውስጥ ይማምን ሊጎዳ የፈለገ አንድም ሰው አልነበረም።

ማለስለሻውን አጠፋሁ። ቴሌቪዥኑን ለጌም የሚሆነው ላይ አደረግሁት፤ ማሽኑን ወደ ስልሳ መለስኩ። ብሩክ ሄዶ ይማምን እየጎተተ አመጣው። የቤቱ ልጆችም ተሰበሰቡ። ነገሩን ለይማም ከላይ እስከ ታች አስረዳሁት፤ ሚኒባሱን ሳይቀር። ጨርሶ ሰማኝና አንገቱን ደፍቶ "እትየ፣ እርስዎም አዝነውልኝ ነው አይደል?" አለኝ።

ተናደድኩ። "ስማ ይማም። ማዘን ብፈልግ ደሴ፣ ቤቴ፣ ብርድ ልብሴን ለብሼ አዝንልህ ነበር። በዚህ ሙቀት ሁለት ቀን ሐረጎን የወረድኩት ትናንት የተናገርኩት ስህተት ስለሆነ ነው። ማሽኑ ጤነኛ አልነበረም። አሁን ቁጭ በልና ተጫወት።"

ተቀመጠ። ከብሩክ ጋር ገጠሙ። ይማም አሸነፈ፤ ያውም በሰፊው። ልጆቹ አጨበጨቡ። ሰይድ "ማሻአላህ" አለ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ይማም ግን ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ አኖረና ለሁላችንም "አመሰግናለሁ" አለን፤ ልክ ለቅሶ ላይ የመጣ ሰው እንደሚመሰገነው። ፊቱ ላይ አንድም ደስታ የለም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ልጁ ሲለቁለት ከርሟል። ብናሸንፈውም ብንሸነፍለትም ያው ነው የሚመስለው። ማሽን ማስተካከል እችላለሁ፤ ይሄንን ግን በየትኛው ካቻቢቴ ልፍታው? መናገርም አልቻልኩም። "አለቀቅንልህም" የሚለው ቃል ራሱ የሚለቅ ሰው ቃል ነው።

"አንድ ጨዋታ ጨምሩ" አልኩ።

ብሩክ ገና ከመጀመሪያው ላቡ ግንባሩ ላይ ነበር። ጣቱ አሁንም ትቀድማለች። ኳሷ ሳትደርሰው ይመታል፤ አየር ይመታል። ግብ ጠባቂው ያለጊዜው ይዘላል። "ምን ሆነ ይሄ ነገር?" ይላል፤ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ይመታል። ሰይድ ሊያረጋጋው ትከሻውን ሲነካው "ተወኝ እስቲ" ብሎ እጁን ገፈተረው። አንድ ገባበት። ሁለተኛው ገባበት። ሦስተኛውን ይማም ከግብ ጠባቂው በላይ በዚያች በቀኝ አውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ጣለለት፤ ለማላገጥ ብቻ የሚደረገውን ዓይነት።

ብሩክ ከሶፋው ተነሳ። ፊቱ በርበሬ መስሏል።

"አንተ የተጣፈ ጣት" አለው። "ድሮም ሌባ ነህ፣ አሁንም ሌባ ነህ። በዚህች በተጣፈች ጣትህ ነው እንዲህ የምትቀልድብኝ? ቆይ ብቻ፣ ያቺን ክሯን ተርትሬ ነው የማሳይህ።"

ሰይድ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ያቺን ጣት ስሟን እንኳ የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ብሩክ ራሱ ከማንም በላይ ሲጠነቀቅላት የከረመ ነው። የተናገረው ሲገባው ቀዩ ፊቱ ነጣ። "ይማሜ... አውፍ በለኝ... ወላሂ አላሰብኩትም..." እያለ ሊንበረከክ ምንም አልቀረው።

ይማም አላየውም። ጣቱን ነበር የሚያየው። አጠፋት፤ ዘረጋት። ከዚያ ቀና አለ፤ ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አልታወቀም።

"ብሩኬ" አለው። "እስቲ ድገመው።"

"ምኑን?"

"ስድቡን።"

ብሩክ እኛን አየን። ማናችንም አልረዳነውም። "የተጣፈ ጣት" አለ በቀስታ።

"እንደ ቅድሙ።"

"የተጣፈ ጣት፣ ሌባ" አለ ብሩክ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ።

ይማም በእጁ መዳፍ ፊቱን ጠረገ። ስልኩን ከኪሱ አወጣና በዚያችው አውራ ጣቱ ቁጥር ፈለገ። ጆሮው ላይ አድርጎ ቆየ። ሲነሳለት ድምፁን አስተካከለ።

"አለቃዬ፣ ይማም ነኝ" አለ። "ነገ እገባለሁ።"